ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ፦ የባሕር ዳርንና የጣና ዳርን የድሮ ፎቶ ለማንበብ የሚያስችል ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከአያቱ ሳጥን ፎቶ ያወጣል፣ «ይሄ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ዘመድ «ኧረ እሱ አይደለም» ይላል። ያኔ ግን የመጀመሪያዋ መላሽ በሕይወት የለችም።

እኔም ላይ ደርሷል። አያቴን «ይሄ ጋሼ ነው አይደል?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ፣ ጻፍኩት። እሷ ካረፈች በኋላ ታናሽ እህቷ ፎቶውን አየችና «ይሄማ ወንድማችን ነው፣ ጣና ላይ የቀረው» አለች። ጥያቄዬ ራሱ መልሱን አቀብሏት ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አትቀያይሩ። ሽማግሌ የሚጠየቀው 6ኛው ደረጃ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ምክንያቱን እዚያው ታገኙታላችሁ።

1. ዝግጅት

ወቅቱን ምረጡ። ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር እርጥበት ፎቶን ያጣብቃል፣ ሻጋታም ያመጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል።

እነዚህን አዘጋጁ፦
- ለስላሳ እርሳስ (እስክሪብቶ አይደለም)
- ባዶ የወረቀት ፖስታዎች
- ንጹሕ ነጭ ጨርቅና አንድ ጥቁር ጨርቅ
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽ
- ስልክ፣ ቅጂ የሚቀመጥባቸው ሁለት የኮምፒውተር ፍላሽ፣ አንድ ደብተር

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቫዝሊን ወይም ቅባት የነካ እጅ ፎቶ ላይ የማይለቅ አሻራ ይተዋል። ቡናውና ውኃው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

2. ምንም ሳትነኩ ያለበትን ሁኔታ አንሱ

ሳጥኑን እንደተከፈተ በስልክ አንሱት። አልበም ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ ሙሉውን አንሱ፣ ፎቶ ከማውጣታችሁ በፊት። ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ራሱ መረጃ ነው። አንድ ፖስታ ውስጥ አብረው የተገኙ ሦስት ፎቶዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ናቸው። ከተበታተኑ ያን ማንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ቁጥር ስጡ። 001 ብላችሁ ጀምሩ፣ ጀርባው ላይ ጥግ ይዛችሁ በእርሳስ በስሱ ጻፉ። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠንካራና ንጹሕ ነገር ላይ አስቀምጡት እንጂ አልጋ ላይ አትጻፉ፣ ጫናው በፊት በኩል ይወጣል። ጀርባው ፕላስቲክነት ካለውና እርሳስ ካልያዘ፣ ቁጥሩን መጀመሪያ ባዶ ፖስታ ላይ ጻፉና ከዚያ ፎቶውን ክተቱበት። ፎቶው ውስጥ እያለ ፖስታው ላይ አትጻፉ።

ስኮች፣ ስቴፕለር፣ ኮላ፣ ላሚኔሽን፦ አንዳቸውም አይነኩትም። በተለይ ላሚኔሽን። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ሙቀቱም ፎቶውን ያበላሻል።

ችግር ሲገጥም

መስታወት ላይ ከተጣበቀ፦ አትላጡት። አንድ ፎቶ ቤት ወስጄ «ቀስ ብለን እናላቅቀዋለን» ተብዬ ግማሽ ፊት መስታወቱ ላይ ቀርቶ ተመልሶልኛል። እንደተጣበቀ ይቆይ፣ በመስታወቱ በኩል በስልክ ፎቶ አንሱት። ነጸብራቅ ካስቸገረ ጥቁሩን ጨርቅ መሃሉ ላይ ለሌንሱ ቀዳዳ አበጅታችሁ ከስልኩ ፊት ዘርጉት።

የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አልበም ላይ ከሆነ፦ የጥርስ ክር በፎቶውና በገጹ መሃል አስገብታችሁ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ለዩት። መታጠፍ ከጀመረ አቁሙ። ሙሉ ገጹን መቅዳት ይበቃል።

ከሻገተ፦ ውኃ፣ አልኮል፣ ምራቅ አታስነኩት። ጥላ ውስጥ፣ ነፋሻ ቦታ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በብሩሽ አራግፉለት። እርጥብ ሻጋታ ከተጠረገ ምስሉ ውስጥ ይገባል።

ጣሪያ አፍስሶበት ረጥቦ ከተጣበቀ፦ ደርቆ ድንጋይ ሳይሆን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱትና ራሱ እስኪለያይ ጠብቁ፣ ግን አንድ ቀን አታሳልፉት። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ አስጡት። ጊዜ ከሌላችሁ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ ይቆይላችኋል።

ኔጋቲቭ (የፎቶው ፊልም) ከተገኘና የኮምጣጤ ሽታ ካለው፦ ከሌሎቹ ለይታችሁ ቶሎ ቅዱት። መበስበስ ጀምሯል፣ ሌሎቹንም ያፋጥንባቸዋል።

3. መቅዳት

ስካነር ካገኛችሁ በ600 ዲፒአይ (ስካነሩ ላይ የሚመረጠው የጥራት ቁጥር ነው)። የጉርድ ፎቶ ወይም ከእሷ ያነሰ ከሆነ በ1200። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጉት፣ የቢጫነቱ መጠንና የቀለም ጽሑፉ መረጃ ነው። ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ባዶ ቢሆንም።

ስልክ ብቻ ካላችሁ፦ በረንዳ ጥላ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ። የካሜራውን የብርሃን ፍላሽ አጥፉ። የካሜራውን የፍርግርግ መስመር አብሩና የፎቶውን ጠርዝ ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ፣ ስልኩ ከዘመመ የሰው ቁመት ይዛባል። ጠርዙን አትቁረጡ። ነጩ ጠርዝ ሁሉ ይታይ።

ኔጋቲቭ ደግሞ የሌላ ስልክ ነጭ ስክሪን ላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንሱ፣ ከዚያ ቀለሙን ገልብጡት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩ፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል፣ ጥቃቅን ጽሑፍም አይነበብም። ሁለተኛ፣ «ፎቶ የሚያድሱ» የኤአይ መተግበሪያዎች ፊትን አያጸዱም፣ አዲስ ፊት ይሠራሉ። አያታችሁን የምትመስል ሌላ ሴት ይሰጧችኋል። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ያን ምስል ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ለሽማግሌም አታሳዩ።

4. ጀርባውንና ጠርዙን ማንበብ

አሁን ፊቱን ገና አትዩ። ጀርባው ላይ ማኅተም አለ?

«ጠቅላይ ግዛት» የሚል ካለ ማኅተሙ የተሠራው በንጉሡ ዘመን ነው። «ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ ዘመን ነው። «ቀበሌ» የሚል ካለ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ ቀበሌ የመጣው በከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነውና። የፎቶ ቤቱ ስልክ በ058 ከጀመረ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የታተመ ነው። ከተማዋን «ባሕር ዳር ጊዮርጊስ» ብሎ የጠራ ጽሑፍ ካገኛችሁ የቆየ መሆኑን ጠርጥሩ።

የተጻፈ ቀን ካለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። ፎቶ ቤትና ቤተሰብ በእጅ የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ነው። ካሜራው ራሱ ጥግ ላይ በብርቱካንማ ቁጥር ያተመው ግን የፈረንጅ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ቀንሱ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። «94 3 12» የሚል ካያችሁ መጋቢት 3 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ካሜራው ባትሪ ሲቀየርለት ቀኑ ይዛባል፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ አደይ አበባ እየታየ ቁጥሩ የካቲት ካለ አበባውን እመኑ።

የተጻፈው ቀን ፎቶው የታጠበበት ወይም የተባዛበት ሊሆን ይችላል። የሟች አባት ፎቶ ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ሲባዛ አዲስ ማኅተም ይመታበታል። ፎቶው ውስጥ የሌላ ፎቶ ጠርዝ፣ የመታጠፍ መስመር ወይም የመርፌ ቁልፍ ጥላ ካያችሁ የተባዛ ነው።

5. ከሰው ጀርባ ያለውን ማንበብ

ፍንጭ ሁልጊዜ የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አይደለም» ወይም «ከዚህ በኋላ አይደለም» ብቻ ነው። ትክክለኛውን ዓመት አይነግራችሁም። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፣ «ከዚህ ወዲህ» እና «ከዚህ በፊት» በሉና እያያችሁ ሙሉ።

ለባሕር ዳር የሚጠቅሙ መነሻዎች እነዚህ ናቸው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ፖሊ ቴክኒኩ ደግሞ 1955 ዓ.ም.። የሰማዕታት ሐውልቱ ከታየ ከ1983 በኋላ ነው። ገመድ የተወጠረበት አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው፤ አሮጌው ብቻውን ከታየ ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ጊዜ ሁሉ ክፍት ነው። ባንዲራው ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ካለ የንጉሡ ዘመን ነው፣ ሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ኮከብ ካለ ከ1988 ወዲህ ነው። ሐይቁ ዳር እምቦጭ ከታየ ፎቶው ከ2003 ወይም 2004 ብዙም አይቀድምም። እምቦጩ የበረታው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ ግን አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ጢስ ዓባይ ላይ የተነሳ ፎቶ በየቤቱ አለ። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1993 ነው፣ ከዚያ በኋላ በበጋ የፏፏቴው ውኃ በጣም ቀንሷል። በበጋ መሆኑ የታወቀ ፎቶ ላይ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ውኃ ከታየ ከ1993 በፊት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በነሐሴና በመስከረም ግን ዛሬም ይሞላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወቅቱን ከሣሩና ከሰማዩ ለዩ።

የሐይቁም ከፍታ እንዲሁ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይጎድላል። ዳር ያለው ድንጋይ ወጥቶ ከታየ «ድሮ ሐይቁ ያነሰ ነበር» ብላችሁ አትደምድሙ።

ፎቶው የተገለበጠ መሆኑንም አጣሩ። ኔጋቲቭ ተገልብጦ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። የሱቅ ጽሑፍ፣ የኮት ቁልፍ፣ የሰዓት እጅ ያጋልጡታል።

ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ከሆነ

ይሄ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ከኋላ ያለው ሐይቅ ሸራ ላይ የተሳለ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ የፕላስቲክ አበባው የፎቶ ቤቱ ነው። ኮቱም የተዋሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አያቴ ባለ ሬዲዮ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ። «ባለ ሬዲዮ ሆኖ መታየት ፈልጓል» ማለት ግን ትችላላችሁ፣ ይሄ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል።

ከልብስና ከንቅሳት ተነስታችሁም የሰውን ማንነት አትወስኑ። ጣና ዳር የሃይማኖትም የቋንቋም የሥራም ድንበር አብሮ ኖሯል፣ ተቀላቅሏል። «የዚህ ሕዝብ ሰው ነው» የሚለውን የሚናገር ሰውየው ራሱ ወይም ዘሩ ነው፣ ነጠላው አይደለም።

6. ሽማግሌ መጠየቅ

እስካሁን ቁጥር ሰጥታችኋል፣ ቀድታችኋል፣ ዘመኑን ገምታችኋል። አሁን ሂዱ። ቀድማችሁ ብትሄዱ ኖሮ የተነገራችሁን የምትመዝኑበት ነገር አይኖራችሁም ነበር።

በትልቁ አሳትማችሁ ሂዱ። የእጅ መዳፍ የምታክል ፎቶ ላይ ያለ ፊት ለ80 ዓመት ዓይን አይታይም። ደካማ ዓይን ያለው ሰው ደግሞ «አላየሁም» ከማለት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይስማማል። ከ10 እስከ 15 ፎቶ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት አታስበልጡ።

መጀመሪያ ለብቻ ጠይቁ። ቡና ላይ ጎረቤት ከተሰበሰበ ድምፁ ጎላ ያለው ሰው መልስ የሁሉም መልስ ይሆናል። እያንዳንዱን ለብቻ ከሰማችሁ በኋላ ግን ቡናው ላይ ሰብስባችሁ አሳዩ፤ ያኔ አንዱ ሌላውን ሲያርም የሚወጣው ነገር በጣም ሀብታም ነው።

አጠያየቁ እንዲህ ይሁን፦
- «ይሄ ጋሼ ነው?» አትበሉ። «እማማ፣ እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?» በሉና ዝም በሉ።
- ከሰው አትጀምሩ። ከቦታው ጀምሩ፦ «ይሄ የት ነው? በሩ ወዴት ይከፈታል?» ቦታው ሲታወሳቸው ሰው ይከተላል።
- «ፎቶውን ማን አነሳው? ለምን ተነሳችሁ?»
- «እዚህ መኖር የነበረበት ግን የሌለ ሰው አለ?»

ዓመት አትጠይቁ። «ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ? ንጉሡ ሲወርዱ ተወልዳ ነበር? ዘመቻው ጊዜ የት ነበራችሁ? በ77ቱ ድርቅስ?» በሉ። ጣሊያን የገባው 1928፣ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 1967 ነው፤ ዘመቻው (ዕድገት በኅብረት) በ1967 ተጀመረ። ልጅ በእቅፍ ካለ የልጁን ዕድሜ አስሉ፣ ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው።

ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ። መጀመሪያ ላይ የፎቶውን ቁጥር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ያለዚያ ከወር በኋላ «ይቺኛዋ» ያሉት የትኛዋን እንደሆነ አታውቁም።

ነገሩ ሲወሳሰብ

ሁለት ሰው የተለያየ ስም ከሰጠ አታከራክሩ። ሁለቱንም ከነተናጋሪው ጻፉ። የእኔ አያት ፎቶ ጀርባ ላይ አሁን ሁለት ስም አለ፣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ደግሞ የተናገረችው።

ፊቱ የተፋቀ ወይም ግማሹ የተቀደደ ፎቶ ካለ ሰው ፊት አታውጡት። ፍቺ ሊሆን ይችላል። በቀይ ሽብር የተገደለ ወይም የተሸሸገ ሰው ሊሆን ይችላል። ለብቻ፣ ከፈለጉ ብቻ፣ እሳቸው እስኪያነሱት ጠብቁ። ካለቀሱ ስልኩን አጥፉ፣ ደብተሩን እጠፉ፣ አብራችሁ ተቀመጡ። ያን ቀን ሥራው አልቋል።

7. ቦታው ድረስ መሄድ

ትልቁን ኅትመት ይዛችሁ ሂዱ። የማይንቀሳቀሱ ሁለት ነገሮች ፈልጉ፦ የቤዛዊት ተራራ፣ ከሐይቁ ዳር የሚታዩት የደሴቶች ቅርጽ፣ አንድ ያረጀ ዋርካ። ፎቶው ላይ አንዱ ከሌላው በግራ ነው በቀኝ? ርቀታቸው እስኪገጥም ወደ ጎን ተራመዱ። ከገጠመ አንሺው የቆመበት መስመር ላይ ናችሁ። ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ መጠኑን አስተካክሉ። ጥላው ጠዋት መሆኑን ካሳየ ጠዋት ተመለሱ።

ቤተ ክርስቲያንን በጣሪያው ብቻ አትለዩ። የሣር ክዳን የነበረው ብዙው ቆርቆሮ ሆኗል። ካህናቱን ጠይቁ፣ ጣሪያው የተቀየረበትን ዓመት የሚያውቅ አይጠፋም።

ወደ ደሴቶቹ ወይም ወደ ዘጌ ገዳማት የምትሄዱ ከሆነ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ያስገባሉ። ሥዕል ላይ ፍላሽ አታብሩ።

8. መግለጫ መጻፍ

ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሄን ጻፉ፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን ነገረን፣ የነገረን ቀን፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነን።

ስም እስከ አያት ጻፉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ «ታደሰ» ብቻ ከ30 ዓመት በኋላ ማንም አይደለም። የቤት ስምና የክርስትና ስም ካለ እሱንም ጨምሩ፣ በተለይ ለሴቶች። ቅደም ተከተሉን «ከተመልካቹ ግራ» ብላችሁ ጀምሩ። ቦታውንም «ኪዳነ ምሕረት» ብቻ አትበሉ፣ «ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት» በሉ። ጣና ላይ ስንት ማርያም ስንት ጊዮርጊስ አለ።

የማታውቁት ሰው ቦታ ላይ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉት። ይሄን አጥብቄ የምለው በአንድ ምክንያት ነው። በደንገል ታንኳ ላይ የቆሙ የወይጦ ሰዎችን ስንት ፎቶ አይቻለሁ፤ ሥር የተጻፈው «ታንኳ ቀዛፊ» ብቻ ነው። አጠገባቸው የቆመው እንግዳ ስም አለው፣ እነሱ የላቸውም። የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ ሐይቅ ዳር ናቸው። ሄዳችሁ ጠይቁ።

9. ከቤት ሳጥን ውጪ መፈለግ

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶ ስብስብ አለው። ለአብያተ ክርስቲያናትና ለሥዕሎቻቸው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው «መዝገበ ሥዕላት» በኢንተርኔት ይታያል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጎንደርና በጣና በኩል ያለፈው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የዳካር ጅቡቲ ጉዞ ፎቶዎች ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊም ዳንግላ ቆንስል ሆኖ ከ1925 እስከ 1934 በፈረንጅ ሲቀመጥ የሐይቁን ደሴቶች ዞሯል፣ ፎቶም አንስቷል።

ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትወሰኑ። በድሮ የውጭ ጽሑፍ ጣና «ጻና» ወይም «ደምቢያ» ተብሎ ይገኛል። ከሥር የተጻፈውን መግለጫ ደግሞ እንደ አንድ ተናጋሪ ቃል ብቻ ያዙት፣ በተለይ በጣሊያን ጊዜ የተጻፈውን። አትማችሁ አምጡና በ6ኛው ደረጃ እንዳለው ለሰፈሩ ሰው አሳዩ።

10. ማስቀመጥና መለጠፍ

ዋናውን ፎቶ ለባለቤቱ መልሱ። በፖስታ በፖስታ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከጭስና ከግድግዳ እርጥበት ርቆ ይቀመጥ። ቅጂው ሁለት ፍላሽ ላይ ይሁን፣ ሁለቱ በተለያየ ቤት።

ከመለጠፋችሁ በፊት በሕይወት ያሉትን ጠይቁ። የሞቱ ከሆነ ልጆቻቸውን። የለቅሶ ፎቶ፣ የእስር ፎቶ፣ የተፋቀ ፊት አይለጠፍም።

በመጨረሻም ለነገሯችሁ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ትልቅ ኅትመት ከነስሙ አድርሱ። ስትሰጡ አትቸኩሉ፣ ደብተሩም ከእጃችሁ አይራቅ። ትክክለኛው ስም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያን ቀን ነው።